ሁለት እጀታ ያለው መሳቢያ

መጽሐፉን የተዋስኩት ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስል ኖሬአለሁ። አሥራ ዘጠኝ ይሁን ሃያ ግን ያኔም ማል ቢሉኝ አልምልም ነበር። ማክሰኞ እንደነበረ ትዝ ይለኛል፤ ጫማዬ ርሶ ስለነበር የንባብ ክፍሉን ወለል እያበላሸሁ በመግባቴ አፍሬ ነበር። ዝናብ ከነበረ ደግሞ ጥቅምት መሆኑንም እጠራጠር ነበር። የእኔ ትዝታ ሁሉ እንዲህ ነው፤ አንዱን ጫፍ ስይዘው ሌላው ያመልጠኛል።

ይህን በእሷ ፊት ብናገር ትስቅብኝ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ የመጽሐፍ ማዋሻ ሠራተኛ ናትና ቀን አትስትም። ጠዋት ኮቷን ሰቅላ መጀመሪያ የምታደርገው የቀን ማኅተሟን ጎማ በአውራ ጣቷ አንድ ጥርስ ወደፊት ማዞር ነው። ከዚያ አሮጌ ወረቀት ላይ አንዴ ታሳርፈዋለች፤ ጧ! ቀኑ ተጀመረ ማለት ነው። አንባቢዎች እትዬ ማኅተም እንላታለን። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ስንጠራት ትቆጣ ነበር፤ ኋላ ራሷም ስልክ ስታነሳ «እትዬ ማኅተም ነኝ» ማለት ጀመረች።

ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው። በአንደኛው ጫፍ ጠረጴዛዋ፣ ከጀርባዋ ስልሳ መሳቢያ ያላቸው የካርድ ቁም ሣጥኖች፣ በሌላኛው ጫፍ መስኮት፣ በመስኮቱ ሥር ደግሞ እኔ። ከሰዓት በኋላ እየመጣሁ የምጽፈው እዚያ ነው። ጠረጴዛዬ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል፤ ካርቶኑን በየጊዜው የምትቀይረው እሷ ናት።

በዚያ ቤት እያንዳንዱ መጽሐፍ ሦስት ካርድ አለው፤ አንዱ በደራሲው ስም፣ አንዱ በርዕሱ፣ አንዱ በጉዳዩ። አንዱ ቢቀደድ ሁለቱ ይተርፋሉ። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ ያፈላው ይኸው ልማድ ነው። አራተኛው የውሰት ካርድ ነው። ፊቱ ላይ የተዋሹ ስምና የተዋሰበት ቀን ይጻፋል። መጽሐፉ ሲመለስ ጀርባው ላይ ማኅተም ይመታል፣ ተዋሹም ራሱ ይፈርማል። ተዋሹ ያልፈረመበት ካርድ አይዘጋም። ያልተዘጉት ሁሉ «የጠፉ» የሚል ወረቀት ወደተለጠፈበት የታችኛው መሳቢያ ይወርዳሉ።

አዲሱ ኃላፊ በመጡ በሳምንቱ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። ካታሎጉ ድረ ገጽ ላይ እንዲወጣ፣ አንባቢም ቤቱ ሆኖ በስልኩ መጽሐፍ እንዲፈልግ ተወስኗል አሉ። ሥራውን የሚሠራ ድርጅት ይቀጠራል፤ ቁም ሣጥኖቹ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሄዳሉ።

«እርስዎም አብረው ይዛወራሉ» አሏት። «መሳቢያዎቹን የሚያውቁ እርስዎ ነዎት።»

ዕቃ ግምጃ ቤቱ ከተማው ዳር ያለ መስኮት አልባ አዳራሽ ነው። የተሰበረ ወንበርና ያረጀ መጋረጃ እንጂ መጽሐፍ የለበትም፤ «ይህ መጽሐፍ ይኖራል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰውም አይደርስበትም።

«ድረ ገጹን እኔ ብሠራውስ?» አለች።

ኋላ ነገሩን ስትነግረኝ እንዲህ አለች። «ምላሴ ነው የቀደመኝ! ካፍ ከወጣ አፋፍ። እኔ በኮምፒውተር ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር ምን አውቃለሁ?»

ኃላፊው አልሳቁም። ቢስቁ ይሻላት ነበር። «አራት ወር» አሉ። «ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጥተው ያዩታል። ከሠራ ከዚህ ጠረጴዛ የሚያነሳዎት የለም። ካልሠራ ግን በማግስቱ መኪና ይመጣል።»

እትዬ ማኅተም ያኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር።

አስተማሪ ያገኘችው ከጥገና ክፍል ነው። ለማንኛውም ብልሽት መፍትሔው አንድ ስለሆነ ንቀለው ሰካው የምንለው ጎልማሳ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ እየመጣ ከጎኗ ይቀመጣል።

«ኤችቲኤምኤል አጥንቱ ነው፣ ሲኤስኤስ ልብሱ ነው» አላት የመጀመሪያ ቀን። «ጃቫስክሪፕት ደግሞ ነፍሱ።»

«ነፍስ መዝራት በአራት ወር ያልቃል?»

«እግዜር በስድስት ቀን ጨርሶት የለም እንዴ?»

«እሱ ኃላፊ አልነበረበትማ።»

ባለ ሃምሳ ገጽ ደብተር ገዛች። ኮዱን መጀመሪያ በእርሳስ ደብተሯ ላይ ትጽፈዋለች፣ ከዚያ እየተጠራጠረች ወደ ኮምፒውተሩ ትገለብጠዋለች። ስህተት ሲኖር ስክሪኑ ግርጌ ላይ ቀይ መስመር ይወጣል። ያንን ቀይ ባየች ቁጥር የአውራ ጣቷን ጥግ ትልጣለች፤ በሁለተኛው ወር ጣቷ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር።

«ቀይ አትፍሪ» ይላታል ንቀለው ሰካው። «ቀይ ማለት ጥፋትሽን ነገረሽ ማለት ነው። የሚፈራው ዝም ያለው ነው።»

ለፍለጋው የሚሆን፣ ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው፣ «ላይብረሪ» የሚባል ኮድ መኖሩን ሲነግራት ዓይኗ በራ። «ላይብረሪ? እነሱም አላቸው? ማን ነው የሚያውሰው?»

«ማንም። አውርጂና ተጠቀሚ።»

«መቼ ነው የሚመለሰው?»

«አይመለስም እትዬ፣ ነፃ ነው።»

«የማይመለስ ነገር ደስ አይለኝም» አለች። እኔ በመስኮቱ ሥር ሆኜ እስክሪብቶዬን አቆምኩ። ወደ እኔ ግን አላየችም።

ቀስ በቀስ ገባት። አንባቢ አንድ ፊደል በጫነ ቁጥር ፍለጋው እንዳይሮጥ፣ ጽፎ እስኪያበቃ ትንሽ የሚጠብቅ ኮድ ጻፈች። «ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አትቁረጠው ማለት ነው፣ አይደል?» አለችኝ። ሐ እና ሀ፣ ሠ እና ሰ፣ ፀ እና ጸ በፍለጋው ላይ እኩል እንዲታዩ አደረገች፤ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ምክንያት መጽሐፍ አጥተው የተመለሱትን ሰዎች ታውቃቸዋለችና። እንዲህ የቀናት ቀን ማኅተሙን ከሌላው ቀን ጠንከር አድርጋ ትመታለች።

ስጋቱ ግን አልለቀቃትም። እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም እያለች ትመጣለች። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ በየሰዓቱ ትደውላለች፤ «በላሽ?» «እበላለሁ።» «መቼ?» አንድ ረቡዕ ደግሞ የማክሰኞን ማኅተም እየመታች ዋለች። ያወቅነው አንድ ተማሪ ካርዱን ይዞ ሲመለስ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ አቀረቀርን። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ግን ገና ምን እንደምትፈራ እንኳ በቅጡ አታውቅም ነበር።

የደረሰው ተቆጣጣሪዋ ከሚመጡበት ሰኞ በፊት ባለው ዓርብ ከሰዓት ነው።

በዚያ ሳምንት የመጨረሻውን፣ የታችኛውን መሳቢያ አስገብታ ጨርሳ ነበር፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ። ኃላፊው በበሩ ብቅ ብለው «አንባቢ ሲፈልግ የጠፋ መጽሐፍ እንዳይመጣበት» አሉና ሄዱ። ቀላል ነገር መሰላት። ዝርዝሩ በኮዷ ውስጥ «ሁሉም» ይባል ነበር። «ለአንባቢ» የሚል ሌላ ስም ጻፈች፣ በእኩል ምልክት ከ«ሁሉም» ጋር አያያዘችው፣ ከዚያ «ለአንባቢ» ከሚለው ላይ የጠፉትን አንድ በአንድ የሚያወጣ ትእዛዝ ሰጠች። አንድም ቀይ መስመር አልወጣም። «አስቀምጥ» የሚለውን ጫነች።

ድምፅ ስላልሰማሁ ቀና አልኩ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ከ«ሁሉም» ላይም የሉም» አለች። «ከሁለቱም ሄዱ። የውሃ ሽታ ሆኑ!»

ንቀለው ሰካው ሮጦ መጣ። ኮዱን ከላይ እስከታች አነበበ፣ ጭንቅላቱን አከከ።

«እትዬ፣ ምን ለማድረግ ነበር?»

«ሁለተኛ ዝርዝር ልሠራ ነዋ! ከሁለተኛው ባወጣ የመጀመሪያው ምን አገባው? የርዕሱን ካርድ ብቀድ የደራሲው ካርድ ይቀደዳል እንዴ?»

«እዚህ ቤት አይቀደድም። እዚያ ግን ሁለተኛ መሳቢያ አልሠራሽም። ባንዱ መሳቢያ ላይ ሁለተኛ እጀታ ነው የገጠምሽው። በየትኛውም እጀታ ብትስቢ የሚወጣው ያው መሳቢያ ነው።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ማድረግ የነበረብኝስ?»

«ፊልተር። ፊልተር አሮጌውን ሳይነካ አዲስ ዝርዝር ይሰጥሽ ነበር። አሁን ግን አስቀምጠሽበታል።»

«ነቅለን ብንሰካውስ?» አለች።

ሁልጊዜ በዚህ ቀልድ የሚስቀው ሰውዬ በዚያን ቀን አልሳቀም። ፍላሽ ላይ ያለው ቅጂ የሁለት ሳምንት ዕድሜ ነበረው፤ ከታችኛው መሳቢያ በቀር ሁሉ አለበት። የታችኛው መሳቢያ እንደገና ከካርዶቹ ላይ፣ አንድ በአንድ፣ በሁለት ቀን ውስጥ መጻፍ አለበት። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ፕላስተሩን ከጣቷ ልጣ አነሳችው፣ መልሳ ለጠፈችው።

«ቅዳሜና እሑድ እኔ ካርዱን ላንብብልሽ፣ አንቺ ጻፊ» አልኳት። አፌ ነው የተናገረው። እሷ በኃላፊው ፊት እንዳለችው የእኔም ምላስ ቀደመኝ። በታችኛው መሳቢያ ውስጥ ማን እንዳለ ያስታወስኩት ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ ነው።

የዚያ መጽሐፍ ስም «ንብና ቀፎ» ነበር። ተማሪ ሳለሁ አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር አባቴ፤ «ስወጣ መሪ አልጨብጥም፣ ሁለት ቀፎ ሰቅዬ ቁጭ ነው» ስላለኝ መጽሐፉን ተውሼ በየቀኑ አነብለት ነበር። ስንት ገጽ እንደደረስን አላውቅም። ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ሞተ፤ ይህን ቀን አልጠራጠረውም። እቃውን እንኳ ሳልሰበስብ ከዚያ ክፍል ወጣሁ። መጽሐፉ ከአልጋው አጠገብ ባለችው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ቀረ። ወደ ሆስፒታሉም፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱም ሳልመለስ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

አሥራ አንድ ዓመት ቆይቼ ስመጣ አዲስ ቅጽ ሰጠችኝ። «ካሁን በፊት እዚህ ተመዝግበህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «አላውቅም» አልኳት። ስሜን አነበበች። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ማኅተሙን መታችና «የንባብ ክፍሉ በዚያ ነው» አለች፣ መንገዱን የማላውቅ ይመስል።

አባቴ የሰው ዕቃ ቤቱ ካደረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። የተዋሰውን ካቻቢቴ ለመመለስ ራቱን አቋርጦ ሲሄድ አይቻለሁ። ከእሱ ሞት ይልቅ መጽሐፉ በስሜ ጠፍቶ መቅረቱ የሚከነክነኝ ቀናት ነበሩ፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ነበር። መሳቢያውን አውጥተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። ካርዶቹ በርዕስ ፊደል ተራ የተደረደሩ ናቸው። እኔ ፊታቸውን አነባለሁ፤ ቁጥር፣ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ተዋሽ፣ ቀን። እሷ ትጽፋለች። ያነበብኩትን ካርድ ፊቱን ወደታች አድርጌ እደረድራለሁ።

«ስም እንዳትዘልብኝ» አለች። «ስም የሌለውን ኮዱ ከጠፉት ጋር አይቆጥረውም። ተቆጣጣሪዋ የአምናው ቆጠራ መዝገብ አላቸው፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። አንድ ቢጎድል አለቀልኝ።»

ሀ አለቀ፣ ለ አለቀ። መ ረጅም ነበር። ፊደሉ ወደ እኔ እየመጣ ነበር። በተማሪ ቤት ፊደል ስቆጥር እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ቅዳሜ ስንለያይ በ ላይ ነበርን። ካርዴን ከመሳቢያው ውስጥ አውጥቼ ኪሴ ልከተው አስቤአለሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ ግን አራት መቶ አሥራ አንድ ይሆናል። ስሜን ጮክ ብዬ ባነብ ደግሞ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ «እንደምን ዋልሽ» ያልኳትን ሴት ዋሽቻት እንደኖርኩ በራሴ አንደበት እነግራታለሁ።

እሑድ እህቷ ምሳ በሳህን ይዛ መጣች። ዱላዋን ወንበሩ ላይ አንጠልጥላ ከጎናችን ተቀመጠች።

«ከመጽሐፍ ጋር ተጋባች ስል ነበር» አለችኝ። «አሁን ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር ልትጋባ ነው?»

«እትዬ፣ ሥራ ላይ ነን!» አለች ታናሽየዋ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«እሱስ ማነው? ሽማግሌ ሆኖ የተላከው?»

«ጸሐፊው ነው። ካርድ እያነበበልኝ።»

«ድምፁ ለምን ይንቀጠቀጣል ታዲያ? የሙት ስም ነው እንዴ የሚጠራው?»

ተ አልቆ ነ ላይ ነበርን። ካርዱ እጄ ላይ ነበር። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ የእሷ የወጣትነት ጽሕፈት ግን ትናንት የተጻፈ ይመስል ጥርት ብሎ ይነበባል። ቁጥሩን አነበብኩ። «ንብና ቀፎ» አልኩ። ደራሲውን አነበብኩ። ከዚያ ቆምኩ።

«ተዋሽ?» አለች።

«ስሙ ደብዝዟል» አልኩ። «አይነበብም።»

የጣቶቿ ድምፅ ቆመ። ቀና አላለችም። «ቀኑስ?»

«ጥቅምት ሃያ ስድስት።»

ይህን ስናገር ለካ አሥራ ዘጠኝም ሃያም አልነበረም ብዬ አሰብኩ። እሷ መጻፍ ጀመረች። ለሌሎቹ ካርዶች ከምትወስደው ጊዜ ትንሽ የረዘመ ይመስለኛል፤ ወይም ለእኔ ረዝሞብኝ ይሆናል።

«እሺ» አለች። «ቀጥል።»

ካርዱን ፊቱን ወደታች አድርጌ ከሌሎቹ ላይ ጣልኩት። ላብ ዓይኔን አቃጥሎኝ ምኑንም አላየሁም። እህትየው ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ፤ «ብላ፣ ጠቁረሃል።»

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪዋ መጡ። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። ኃላፊው ከጎናቸው፣ ንቀለው ሰካው ከኋላ፣ እኔ በመስኮቱ ሥር። ያልሰማሁ መስዬ የጻፍኩት መስመር ዛሬም ደብተሬ ላይ አለ፤ አንድ ቃል ስድስት ጊዜ ተደጋግሞበታል።

ተቆጣጣሪዋ «ፀሐይ» ብለው ጻፉ፤ መጣላቸው። ሆን ብለው «ጸሀይ» ብለው ጻፉ፤ ያው መጣላቸው። «ጎሽ» አሉ። ፈጥነው ጻፉ፣ አጠፉ፣ መልሰው ጻፉ፤ ገጹ እስኪጨርሱ ጠብቆ መለሰላቸው። የእትዬ ማኅተም ትከሻ አንድ ጣት ያህል ዝቅ አለ። ከዚያ ተቆጣጣሪዋ ከቦርሳቸው የአምናውን መዝገብ አወጡ።

«የጠፉ ስንት ናቸው?»

ጫነችው።

«አራት መቶ አሥራ አንድ» ብለው አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው መዝገቡን አዩ፣ መልሰው አጠለቁት። «እዚህ አሥራ ሁለት ይላል። አንዱ የት ሄደ?»

 ስም የሌለውን ኮዱ አይቆጥረውም። በአንዲት ቃል ውሸት፣ አራት ወር ሙሉ ጣቷን እየላጠች የሠራችውን አፈረስኩባት። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ። ንቀለው ሰካው ወደ ኮምፒውተሩ ገመድ አየ፤ ሊነቅለው ያማረው ይመስላል።

ተነሳሁ። ወንበሬ ጮኸ። «ይቅርታ፣ የእኔ...» አልኩ።

እትዬ ማኅተም ዞር አለች። «ቁጭ በል» አለችኝ። «ንባብ ክፍል ውስጥ አይወራም።»

ቁጭ አልኩ።

እሷ ከጠረጴዛዋ ወጥታ በመደርደሪያዎቹ መካከል ገባች። ጫማዋ ሦስተኛው መተላለፊያ ላይ ሲቆም ሰማሁ። ስትመለስ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይዛለች፤ ጀርባው በአረንጓዴ ጨርቅ የተለበጠ። ያንን አረንጓዴ አውቀዋለሁ። በአባቴ ብርድ ልብስ ላይ ስንት ቀን አይቼዋለሁ።

«ይኸው» አለች። «አልጠፋም። ተመልሷል። ያመጣው ተዋሹ ስላልነበረ ካርዱ ሳይፈረምበት መሳቢያ ውስጥ ቆየ። አምና የቆጠሩት ካርዱን ነው፤ ጀርባውን አላዩም። እኔ አሁን ሳስገባ ተመልሷል ብዬ ጻፍኩ።»

ተቆጣጣሪዋ መጽሐፉን ገለጡ፣ ቁጥሩን ከገጹ ጋር አስተያዩ፣ በመዝገባቸው ላይ አንድ ነገር ሰርዘው ጻፉ። «ድርጅት ቢቀጠር ይህን አያውቅም ነበር» አሉ ለኃላፊው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ስድስት ቅርንጫፎች ቀርተውናል። ከነገ ጀምሮ ዋናው መሥሪያ ቤት እንፈልግዎታለን። ለሁሉም እርስዎ ይሠሩልናል።»

ኃላፊው አጨበጨቡ። ንቀለው ሰካው በፉጨት ሊያጅባቸው አፉን አሹሎ የት እንዳለ ትዝ ሲለው ተወው። እትዬ ማኅተም እጇን የካርድ ቁም ሣጥኑ ላይ አሳርፋ ቆመች። ከዚያ ጠረጴዛ ላለመነሳት ነበር ይህን ሁሉ የተማረችው።

«እዚሁ ሆኜ ብሠራውስ?» አለች።

«ሰርቨሩ ያለው እዚያ ነው» አሉ ተቆጣጣሪዋ፣ በደግነት።

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አላናገርኳትም። ሰው ይወጣ ይገባ ነበር፤ እጇን የሚጨብጥ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» የሚል። ሌሊቱን በልቤ ጥያቄ ስደረድር አደርኩ። ማን አመጣው? መቼ? ምን አለ? እኔ «አላውቅም» ብዬ ስዋሽሽ ካርዱ ከኋላሽ እንዳለ ታውቂ ነበር? ለምን ዝም አልሽኝ?

ማክሰኞ ጠዋት ስደርስ የጭነት መኪናው በሩ ላይ ቆሟል። ሁለት ሠራተኞች የመጨረሻውን ቁም ሣጥን እያወጡ ነው። እሷም በዚያው መኪና እስከ ዋናው መሥሪያ ቤት ልትሄድ ኮቷን ለብሳለች። ደብተሯን፣ ኩባያዋንና የቀን ማኅተሟን በካርቶን ይዛለች። ግድግዳው ላይ ቁም ሣጥኖቹ የነበሩበት ቦታ ከሌላው ነጥቶ ይታያል።

«አዲስ ካርቶን አድርጌልሃለሁ» አለችኝ ወደ ጠረጴዛዬ እያሳየች። «እግሩ እንዳይነቃነቅብህ።»

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ...»

ከውጭ ሹፌሩ ክላክስ ነፋ። «መጣሁ!» ብላ ጮኸች፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ስትጮኽ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከኮቷ ኪስ አንዲት ካርድ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ በጀርባዋ አስቀመጠቻት፣ ከጎኗ እስክሪብቶ።

«ይቺን ፈርምልኝ። አንድ የቀረችኝ እሷ ናት።»

ጎንበስ አልኩ። ጀርባው ላይ ክብ ሰማያዊ ማኅተም አለ፤ ኅዳር አሥር። መመለሻ ቀኑ ነው፤ ከተዋስኩበት ልክ አሥራ አራተኛው ቀን። ኅዳር አሥር አባቴ በሕይወት ነበረ። በዚያ ቀን ፈተና ነበረብኝ፣ ከሰዓት ወደ እሱ አልሄድኩም። በማግስቱ ስመጣ «ዛሬ አታንብብልኝ፣ ደክሞኛል» ብሎኛል፤ ሣጥኗንም አልከፈትኳትም። ከአልጋው መነሳት የማይችል ሰው በማን እጅ ላከው? ነርሷ ናት? አጠገቡ የተኛው ሰውዬ ጠያቂ? ወይስ ያኔ ወጣት የነበረች አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ተልኮባት ራሷ ሄዳ ወሰደችው? ከማኅተሙ ሥር ለፊርማ የተተወው መስመር ባዶ ነበር።

ፈረምኩ። ፊርማዬ የእኔ አይመስልም። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልኩበትና ካርዱን ይዤ ተነሳሁ።

በሩ ላይ ስደርስ መኪናው ተነስቶ ነበር። ከሹፌሩ ጎን ካርቶኗን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ስልሳዎቹ መሳቢያዎች በገመድ ታስረው አንዳንዶቹ እየተከፈቱ እየተዘጉ ይሄዳሉ። ካርዱን ከፍ አድርጌ አውለበለብኩት። መኪናው ታጠፈ።